እትዬ አይሆንም እና የጋሽ እንካ ዳቦ

በየሰፈሩ አንድ የማይመሰገን ሰው አይጠፋም። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ክፉንማ ሰው ፈርቶም ቢሆን ያመሰግነዋል። የምናወራው ውለታ ውሎልህ፣ ብድሩን ልትመልስ ስትል እንደ አራስ ነብር ስለሚቆጣው ሰው ነው። ሻይ ልትጋብዘው ስትል ሒሳቡን አስተናጋጁ ኪስ ውስጥ ከትቶ የሚሮጠው፣ ሎተሪ ቢወጣለት «ማነው የላከው?» ብሎ የሚያጣራው። እንዲህ ያለ ሰው የማያውቅ ካለ ወይ ከቤቱ አይወጣም፣ ወይ ራሱ ነው።

የእኛ ሰፈር ድርሻ ክብርት እትዬ አይሆንም ናት። በፖሊስ ጣቢያው የኤግዚቢት ክፍል ኃላፊ ነች። ኤግዚቢት ማለት ከሌባ እጅ የተያዘ፣ ከተጣሉ ሰዎች የተወሰደ፣ ባለቤቱ ወይም ዳኛው እስኪጠራው የሚቀመጥ ዕቃ ነው፤ ሰንሰለቱ የወለቀ ብስክሌት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ቴሌቪዥን፣ ማን ከማን እንደሰረቀው የማይታወቅ ሦስት መሰላል። እሷ ፖሊስ አይደለችም፣ የፖሊስ ሠራተኛ ናት። ማዕረግ የላትም፣ መሣሪያ የላትም። ያላት የቁልፍ ዘለላ፣ ማኅተም እና «አይሆንም፣ ደንብ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በዚያች ዓረፍተ ነገር ግን ስንቱን ጎረምሳ አባራበታለች።

የሥነ ምግባር ደንቡ በክፍሏ በር ላይ ተሰቅሏል። «የፖሊስ ሠራተኛ ከባለጉዳይ ስጦታ፣ ግብዣ፣ ወይም ለሌላው ሕዝብ የማይደረግ ቅናሽ አይቀበልም» ይላል። ይኼ ወረቀት በጣቢያው በሁሉም ቢሮ አለ፤ ሌሎቹ ጋ ግን የቀን መቁጠሪያ ተደርቦበታል። እሷ ጋ መስታወት ገብቶለት፣ ሰኞ ሰኞ ይወለወላል። ከጠረጴዛዋ በስተቀኝ ደግሞ የስጦታ መዝገብ አለ። ማን ሰጠ፣ ምን ሰጠ፣ የት ደረሰ። የመጨረሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች «ተመላሽ» ይላል።

አንዲት እናት የተሰረቀ ስልኳ ቢገኝላት ደስ ብሏት የአንገት ልብስ ይዛላት መጣች። እትዬ አይሆንም «አንድ የአንገት ልብስ፣ አረንጓዴ፣ በእጅ የተሠራ» ብላ መዘገበችና በማግስቱ ሴትየዋ ቤት ድረስ ሄዳ መለሰች። ሴትየዋ አለቀሰች፤ «ቢያንስ ውኃ ጠጪ» ብትላት «ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አለች። የታክሲ ረዳት «እናንተማ የኛው ናችሁ» ብሎ ሒሳብ አልቀበልም ቢላት መኪናውን አስቁማ ወርዳ ሁለት ፌርማታ በእግሯ ተጓዘች። በዶፍ ዝናብ አንድ ሰው ጥላ ዘርግቶላት ሲሄዱ ብስክሌቱ እሷ ክፍል ውስጥ እንዳለ ትዝ ሲላት ከጥላው ሥር ወጣች። ከጎን ከጎን እየሄዱ እሱ በጥላ፣ እሷ በዝናብ፣ ስለ አየሩ እያወሩ ጣቢያው ደረሱ። «ዕድሜ ይስጥሽ» ሲሏት እንኳ ለአፍታ ታስባለች ይላሉ።

ሰው መቼም ምክንያት ሳያበጅ አያድርም። ጡረተኛዋ መምህርት «ኩራት ነው» አለች። የባለ ሱቁ ሚስት «ስለት ቢኖርባት ነው» አለች። በጣቢያው ሃያ ዓመት የኖረው ሃምሳ አለቃ ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ታያላችሁ» እያለ ይዝታል። አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ቢነግራት «እኔ መቼ ተሾምኩ? ተቀጠርኩ እንጂ» አለችው። ሃምሳ አለቃው መልስ ሲፈልግ ምሳ ሰዓት ደረሰ።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ በጉጉት የሚከታተል አንድ ሰው ነበር። ከጣቢያው ፊት ለፊት ዳቦ ቤት አለ፤ ባለቤቱን ጋሽ እንካ እንለዋለን። ከእናቱ ሆድ ሲወጣ እጁ ተዘርግቶ ነበር ይባላል። ሦስት ዳቦ ስትገዛው አንዷን ምርቃት ይጨምርልሃል፣ ካሳቀውም ሁለት። ለታመመ ይልካል፣ ለተጣላ አስታራቂ ይልካል፣ ከአስታራቂው ጋር ዳቦ ይልካል። ሚስቱ «ይኼ ሰው ከሞተ በኋላም የመቃብሩን አፈር እያፈሰ እንካ ይላል» ትላለች። ለጣቢያው ሰዎች ደግሞ ልዩ ምርቃት አለው፣ ሌሊት ቆመው ስለሚጠብቁን ይላል። ደንቡ ሲጠብቅ ፖሊሶቹ እየተሸማቀቁም ቢሆን ምርቃቷን መተው ጀመሩ። አንዳንዶቹ ግን ከረጢቱን ሳይቆጥሩ ይዘው የመሄድ ጥበብ ነበራቸው።

እትዬ አይሆንም ግን ትቆጥራለች። በየማለዳው ሁለት ዳቦ ትገዛለች። እሱ ሦስት ይከታል፤ እሷ መንገዱን ከተሻገረች በኋላ ከረጢቱን ከፍታ ታያለች፣ ተመልሳ ተሻግራ ሦስተኛዋን መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣለች። ዘጠኝ ዓመት። ጋሽ እንካ አይቀየማትም ነበር፣ እንዲያውም በመስኮት ቆሞ ከረጢቱን የምትከፍትበትን ቦታ ይገምታል። የከነከነው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ትኩስ ዳቦ ሲሰጠው እጁ እንዴት አይከዳውም? ማታ ሚስቱን «ይህቺን ሴት ምን ቢያገኛት ነው?» ይላታል። እሷም «ምንም አላገኛትም፤ አንተን ምን እንዳገኘህ ጠይቅ» ብላው ፊቷን ታዞራለች።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሳለ ሌባ ዳቦ ቤቱን ሰብሮ ገባ። የሊጥ ማቡኪያውን ሞተር ነቅሎ ይዞ ሄደ። ፖሊስ እግዜር ይስጠው፣ በሦስተኛው ቀን አንድ የአሮጌ ብረት ነጋዴ አልጋ ሥር አገኘው። ጋሽ እንካ ሞተሩን አቅፎ ሊስመው ምንም አልቀረው። ግን ሞተሩ ኤግዚቢት ሆነ። ፎቶ ይነሳል፣ ቃል ይሰጥበታል፣ ባለቤትነቱ ይጣራል፤ ከዚያ ይለቀቃል። አሥር ቀን ቢፈጅ ነው ተባለ።

አሥር ቀን ሊጥ በእጅ ማቡካት ቀልድ አይደለም። እሱ ወገቡን ያመዋልና ሥራው ሚስቱ ላይ ወደቀ። በአራተኛው ቀን የእጇ አንጓ አብጦ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት አቃታት። ዳቦው ግማሽ በግማሽ ቀነሰ፣ ምርቃቱ ቀረ፣ ደንበኛው ወደ ታችኛው ሰፈር ዳቦ ቤት መሄድ ጀመረ። ሥራ አንዴ ከላላ ደግሞ መልሶ ማጥበቁ ጭንቅ ነው። ጋሽ እንካ የሚስቱን እጅ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ነክሮ እያሸ፣ ያ ሞተር ባይመጣ ቤቱን ሊዘጋው እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ። ፈራ።

ሲፈራ ደግሞ የሚያውቀውን አደረገ። ሰፌድ የሚያህል አንድ ዳቦ ጋግሮ፣ ላዩን እንቁላል ቀብቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ «ለእትዬ» ብሎ በሃምሳ አለቃው እጅ ላከ። ከሰዓት በኋላ እትዬ አይሆንም ዳቦውን ጨርቁም ሳይፈታ ራሷ ይዛው መጣች። አብሮት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነበር።

«ጋሼ፣ ደብዳቤውን ያንብቡት እሺ?» አለችው።

«እሺ፣ እሺ» አለና መጋገሪያው አጠገብ አስቀመጠው። ሁለት መስመር ሲያነብ «ተመላሽ» ይላል፣ «ይዘገያል» ይላል። ሌላው የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው። ይዘገያል የምትለዋ ቃል ግን ልቡን ወጋችው።

ሃምሳ አለቃውን አማከረው።

«ምን ማለቷ ነው?»

ሃምሳ አለቃው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ዳቦው አንሶ ይሆናል።»

ወይ አማካሪ! በሳምንቱ ባለ ሁለት ደረጃ ኬክ ተላከ፣ በክሬም አበባ የተሠራበት። ኬኩ ተመለሰ፣ ደብዳቤ ተከተለው። አሁንም «ይዘገያል» ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ እንካ ብልሃት መጣለት። እትዬ አይሆንም በምትመጣበት ሰዓት ልክ «ዛሬ ለሁሉም ደንበኛ በግማሽ ዋጋ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። ለሕዝብ የተደረገ ቅናሽ ነው፤ ምን ትላለች?

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» አለች ወረቀቱን አይታ።

«ከ... አሁን።»

«እስከ ስንት?»

«እንግዲህ... እስክትወጪ» አለ፤ ውሸት መች ለምዶበት! ሙሉውን ከፍላ ወጣች። ከሰዓት ሦስተኛው ደብዳቤ ደረሰ።

ያን ዕለት ሚስቱ የተጠቀለለ እጇን አንስታ ሦስቱንም ደብዳቤ ከመጋገሪያው አጠገብ ለቅማ አነበበችው፤ ከአርዕስት እስከ ማኅተም። ስትጨርስ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ጋሽ እንካ ወንበር ይፈልጋል።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ሞተራችንን ቆልፈህበት የተቀመጥከው አንተ ነህ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለጉዳይ ስጦታ ካቀረበ፣ የቀረበለት ሠራተኛ ፋይሉን ይለቃል። ፋይሉ ከወንዝ ማዶ ላለው ጣቢያ የንብረት ሹም ይተላለፋል፤ እሱ አጣርቶ እስኪወስን ስምንት ቀን ይፈጃል። በመሐል ሌላ ስጦታ ከመጣ ስምንቱ ቀን እንደገና ከአንድ ይጀመራል። በዳቦው ስምንት፣ በኬኩ ስምንት፣ በግማሽ ዋጋዋ ደግሞ ሌላ ስምንት። እሱ በሰጠ ቁጥር ሞተሩ ወደኋላ ይሄዳል።

ጋሽ እንካ ሽርጡን ሳያወልቅ መንገዱን ተሻግሮ ኤግዚቢት ክፍል ገባ። ተናዶ ነበር። በማን እንደተናደደ ግን ገና አልለየም። ሞተሩ ከኋላዋ ቁጥር ታስሮበት፣ ላዩ ላይ የዝናብ ልብስ ተደርቦበት ተቀምጧል።

«እህት ዓለም፣ ምን በደልኩሽ?»

«ይቀመጡ ጋሼ።»

«አልቀመጥም! ዘጠኝ ዓመት ዳቦ ስልክልሽ ኖሬ፣ አንድ ቀን ቢቸግረኝ እንዲህ ታጉላይኛለሽ?»

«ዘጠኝ ዓመት መልሻለሁ።»

«እሱማ መልሰሻል! እኔ የምለው...» በእጁ ወደ ዳቦ ቤቱ አመለከተ። «ሚስቴ እጇ አብጧል።»

ፊቷ ተለወጠ። «አውቃለሁ፤ መስኮት ላይ አይቻታለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ምንም ባይልኩ ኖሮ ሞተሩ በአሥረኛው ቀን ቤትዎ ነበር። ይኼን ለእርስዎ መጻፍ ለእኔ ቀላል መስሎዎት?»

ተቀመጠ።

«ታዲያ ዝም ብለሽ ብትበይው፣ ዝም ብለሽ ብትሰጪኝ ማን ያያል?»

«እርስዎ ያዩኛላ።»

እሷ መዝገቡን ከፈተች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ለመዝገብ አይደለም። ያ በጨርቅ የተጠቀለለው ትልቁ ዳቦ፣ ሞተሩ እዚህ ባይሆን ኖሮ ይልኩት ነበር?»

ጋሽ እንካ «እንዴታ!» ሊል አፉን ከፈተ። አልወጣም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከትንሿ ዳቦ ሌላ ልኮላት አያውቅም። እንቁላል ቀብቶላት አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ የሰጠው ሁሉ በዓይኑ ላይ ዞረ፤ ይኼን ለምን ሰጠሁ፣ ያንን ለምን ሰጠሁ? አብዛኛው ከልቡ ነበር፣ ይምላል። ያቺ ትልቋ ዳቦ ግን ከልቡ አልነበረችም፤ ከፍርሃቱ ነበረች።

«አንቺ ግን» አለ በመጨረሻ፣ ዘጠኝ ዓመት የከነከነውን፣ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር መሰለኝ፤ ሁሉም መልሱን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ብዕሯን ከደነች።

«አባቴ ፖሊስ ነበር። ከጣቢያው ጎን ኬክ ቤት ነበረ፤ እኔ ስገባ አይከፈልም፣ የፖሊስ ልጅ ነኛ። አንድ ቀን እዚያ የምትሠራ ልጅ ክንዷ በፈላ ዘይት ተቃጥሎ ጣቢያ መጣች። ባለቤቱ ነው ያደረገኝ አለች። ሰውየው ተጠራ። አባቴ ቃሏን ሊጽፍ ብዕር አንስቶ ሰውየውን አየው፤ ሰውየው ደግሞ እኔን አየኝ። በር ላይ ቆሜ የሱን ኬክ እየበላሁ ነበር። ሰውየው ምንም አላለም፤ ብቻ ፈገግ አለልኝ። አባቴ ብዕሩን አስቀመጠና 'እስቲ ተስማሙ' አላቸው።»

ጋሽ እንካ የከደነችውን ብዕር አየ።

«አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ቀን እራት አልበላም። እኔ ግን የልጅቷ ክንድ እስከ ዛሬ ይታየኛል» አለች።

ጋሽ እንካ ሲያዝን መስጠት ያምረዋል፤ እጁ በልማድ ወደ ሽርጡ ኪስ ሲሄድ አየውና ሁለቱንም እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው።

«እና አሁን ምን ላድርግ?»

«ምንም። ስምንት ቀን ምንም ነገር አይላኩልኝ። ከቻሉ ሰላምታውንም ቀነስ ያድርጉት።»

እነዚያ ስምንት ቀኖች ለጋሽ እንካ የጾም ያህል ነበሩ። ማለዳ ስትመጣ ወደ ጓዳ ይደበቃል፤ እጁን ስለማያምነው ሚስቱ በደህናው እጇ ትሸጥላታለች። በአምስተኛው ቀን በዝናብ ስታልፍ አይቶ ጥላ ይዞ እስከ በሩ ሮጠና፣ ሚስቱ በኮሌታው ጎትታ አስቀረችው። ማታ ማታ የሚስቱን እጅ እያሸ «ስንት ቀን ቀረ?» ይላታል። ምንም አለመስጠት ይህን ያህል ሥራ መሆኑን ማን ነግሮት!

በዘጠነኛው ቀን የወንዝ ማዶው ሹም መጥቶ ፈረመ። የዝናብ ልብሱን ሲያነሳ ሞተሩ አብረቀረቀ። የክፍሉ ጣሪያ ያፈሳል፣ ጎን ለጎን የተቀመጠው ብስክሌት ዝጓል፤ ሞተሩ ግን ዘይት ተቀብቶ፣ አቧራው ተወልውሎ፣ ከተሰረቀበት ቀን ይልቅ አምሮበታል። የዝናብ ልብሱ የእትዬ አይሆንም ነው። ለካ አንድ ወር ሙሉ ሲያያት በዝናብ የምትመላለሰው ለዚህ ነው።

«ዘይቱንስ?» አለ ጋሽ እንካ ዓይኑ እየቀላ።

«ገዛሁ። ንብረት በሚገባ ይያዝ ይላል፣ ደንብ ነው።»

«አንቺ ስትሰጪ ይሆናል፣ እኔ ስሰጥ አይሆንም?»

«እኔ ከእርስዎ የምፈልገው ጉዳይ የለኝማ» አለችና የሚፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችው።

በማግስቱ ማቡኪያው ሲያጓራ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሰልፉ ተመልሶ እስከ መንገዱ ዘለቀ። የጋሽ እንካ ሚስት አንጓዋ ገና ታስሮ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዛለች፣ ማዘዝ ደግሞ ድሮም ያምርባታል። እትዬ አይሆንም ተራዋን ጠብቃ መጣች። ሁለት ዳቦ። ሰልፉ ሁሉ ወሬውን ሰምቷልና ጸጥ አለ። ጋሽ እንካ ሁለት ዳቦ ከተተ። ሙሉ ዋጋውን ተቀበለ፣ መልሷን ሳንቲም ሳያጎድል ሰጣት፣ ደረሰኝ ቆርጦ አቀበላት።

ጡረተኛዋ መምህርት ከኋላ አላስቻላትም። «ኧረ ጋሽ እንካ፣ አታፍርም? ሞተርህን እንደ ልጇ ጠብቃልህ፣ ዛሬ እንኳ አንዷን ምርቃት ብትጨምርላት ምናለበት!»

ጋሽ እንካ ከልቡ ተቆጣ። «ለእሷ?» አለ፤ «ምን በድላኝ!»

እትዬ አይሆንም ደረሰኟን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ ከረጢቱን ሳትከፍት፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላው መንገዱን ተሻገረች።